«ጤናማ» የሚባለው ደም የማን ደም ነው?

ደጋን አካባቢ የአንድ ገበሬ በግ ደም ተመርምሮ በዴሲሊትር 55 ሚሊግራም ግሉኮስ ተገኘበት እንበል። ለመሆኑ በጉ ታሟልን? መልሱ ውጤቱን በምናነጻጽርበት ሠንጠረዥ ይወሰናል። ሳይበላ ላደረ ጤናማ ሰው የተለመደው መጠን ከ70 እስከ 100 ስለሆነ፣ በሰው መለኪያ በጉ ስኳር አንሶታል። ለበግ ግን ከ50 እስከ 80 ያለው መጠን የተለመደ ነው። የሚያመሰኳ እንስሳ የበላውን ሣር በሆዱ የሚኖሩ ደቂቅ ዘአካላት ስለሚያብላሉት፣ ወደ ደሙ የሚገባው በአብዛኛው ስኳር ሳይሆን አሲድ ነው፤ ግሉኮሱን ከዚያ የሚሠራው ጉበቱ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ዝርያ የራሱ ሠንጠረዥ ያስፈልገዋል። በኒውዚላንድ በእርባታ የሚያዘው ቀይ አጋዘን በየዓመቱ ቀንዱን የሚጥል እንስሳ ሲሆን፣ እኛ አጋዘን የምንለው ግን ቀንዱን የማይጥል፣ ከላምና ከፍየል ወገን የሆነ ነው። የስም መመሳሰል የአንዱን ልኬት ለሌላው አያውስም። በተጨማሪም የዱር ጠባይ ያልለቀቀው እንስሳ ሲያዝ ሲታገል ግሉኮሱና ከጡንቻው የሚወጣው ኢንዛይም ከፍ ይላል፤ ድንጋጤው በሽታ መስሎ ይታያል።

ቦታም ለውጥ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንትያ ቢልና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወንዶች አማካይ ሂሞግሎቢን በዴሲሊትር 15.9 ግራም ሆኖ ተገኝቷል። ይህም በአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ዘንድ ከተለመደው በጉልህ ያነሰ ነው። ከፍታው ቢቀራረብም ደሙ አንድ አልሆነም።

የተለመደ መጠን የሚባለው እንዴት ይወሰናል? ከብዙ ጤነኞች የተገኙት ውጤቶች በቅደም ተከተል ይደረደሩና መካከለኛው 95 በመቶ ይወሰዳል። እንግዲህ ከ100 ጤነኞች አምስቱ በትርጓሜው ብቻ ከመስመሩ ውጭ ይወድቃሉ ማለት ነው። እርስ በርስ የማይተሳሰሩ 20 ምርመራዎች ቢደረጉ፣ ጤነኛው በሁሉም ውስጥ የመገኘት ዕድሉ 0.95 በራሱ 20 ጊዜ ተባዝቶ 0.36 ገደማ ይሆናል። ከሦስት ጤነኞች ወደ ሁለቱ የሚጠጉት ቢያንስ በአንዱ «ሕመምተኛ» ይባላሉ!

ከደጋን ወደ ኮምቦልቻ የእንስሳት ላቦራቶሪ የሚላክ ናሙናም በመንገድ ላይ ይለወጣል፤ በጠርሙሱ ያሉት የደም ሕዋሳት ግሉኮሱን መመገባቸውን አያቆሙም። ናሙናው በበረዶ ካልተያዘ ወይም ፈሳሹ ፈጥኖ ካልተለየ፣ የሚነበበው የበጉ ደም ሳይሆን የጉዞው ርዝመት ነው።

ገበሬው በዚያ ቁጥር ተመርቶ በጉን ያሳክማል፣ ይሸጣል ወይም ያርዳል። ስለዚህ ከቁጥሩ አጠገብ ዝርያው፣ ዕድሜው፣ የቦታው ከፍታና የተያዘበት ሁኔታ ይጻፉ። ያለ እነርሱ ቁጥሩ አሃድ እንደሌለው ልኬት ነው።