የፕሮቴክትድ አባላት ተደራሽነት በእህት ክላሶች መካከል

የፕሮቴክትድ አባላት ተደራሽነት በእህት ክላሶች መካከል ማለት፣ በኦብጀክት ኦሬንትድ ፕሮግራሚንግ ከአንድ ወላጅ ክላስ ከወረሱ ሁለት ክላሶች አንዱ የሌላውን ፕሮቴክትድ አባል መጠቀም ይችል እንደሆነ የሚወስን ደንብ ነው። መልሱ እንደ ቋንቋው ይለያያል። ሲ ፕላስ ፕላስ እና ሲ ሻርፕ ይከለክላሉ፣ ፒኤችፒ እና ሩቢ ይፈቅዳሉ፣ ጃቫ ደግሞ እንደ ሁኔታው ነው።

አባል የሚባለው በክላሱ ውስጥ የታወጀ ተለዋዋጭ ወይም ፈንክሽን ነው። ፐብሊክ አባልን ማንኛውም ኮድ ይጠቀምበታል፤ ፕራይቬት አባልን ግን የራሱ ክላስ ብቻ። ፕሮቴክትድ አብዛኛውን ጊዜ «ለክላሱና ለልጆቹ ክፍት የሆነ» ተብሎ ይገለጻል። ይህ አገላለጽ ስህተት ባይሆንም ጎደሎ ነው፤ ልጁ አባሉን የሚነካው በየትኛው ኦብጀክት ላይ እንደሆነ አይናገርም።

ለምሳሌ «ሂሳብ» የተባለ ክላስ «ቀሪ» የሚባል ፕሮቴክትድ ተለዋዋጭ አለው እንበል። «ቁጠባ» እና «ተንቀሳቃሽ» የተባሉ ክላሶች ከእሱ ይወርሳሉ። በሲ ፕላስ ፕላስ በ«ተንቀሳቃሽ» ውስጥ የተጻፈ ፈንክሽን የራሱን ቀሪ መለወጥ ይችላል። የሌላ «ተንቀሳቃሽ» ኦብጀክትን ቀሪም መለወጥ ይችላል፤ ደንቡ የሚመለከተው ክላሱን እንጂ ኦብጀክቱን አይደለምና። የ«ቁጠባ» ኦብጀክት ተሰጥቶት ቀሪውን ለመቀነስ ቢሞክር ግን ኮምፓይለሩ ስህተት ነው ይላል። ይበልጥ የሚያደናግረው፣ ኦብጀክቱ በወላጁ በ«ሂሳብ» ዓይነት ቢታወጅም ክልከላው መኖሩ ነው። ያ «ሂሳብ» በተግባር የቁጠባ ሊሆን ይችላል፤ ኮምፓይለሩም ይህን አስቀድሞ ማወቅ አይችልም።

ምክንያቱ ግልጽ የሚሆነው «ቁጠባ» ቀሪው ከ50 ብር በታች እንዳይወርድ በራሱ ፈንክሽን ይቆጣጠራል ብለን ስናስብ ነው። እህት ክላስ ቀሪውን በቀጥታ መንካት ቢችል ኖሮ፣ ቁጥጥሩን ማለፍ የፈለገ ሰው ከ«ሂሳብ» የሚወርስ አዲስ ክላስ መጻፍ ብቻ ይበቃው ነበር።

በጃቫ በአንድ ፓኬጅ ውስጥ ያሉ ክላሶች ሁሉ፣ ዝምድና ባይኖራቸውም እንኳ፣ አንዱ የሌላውን ፕሮቴክትድ አባል ማየት ይችላሉ። ከፓኬጁ ውጭ ግን እንደ ሲ ፕላስ ፕላስ ያለ ክልከላ አለ። ስለዚህ ሁሉም ክላስ በአንድ ፓኬጅ በተቀመጠበት የክፍል ሥራ ላይ ያለችግር የሠራ ኮድ፣ ክላሶቹ ወደተለያዩ ፓኬጆች ሲዛወሩ ኮምፓይል ማድረግ ያቅታል። በፒኤችፒ አባሉ በወላጁ ታውጆ በልጆቹ እንደገና እስካልታወጀ ድረስ እህት ክላሶች ይጠቀሙበታል። ፓይተን እንዲህ ያለ ክልከላ የለውም፤ በስም መጀመሪያ ላይ የሚደረግ የግርጌ ሰረዝ የፕሮግራመሮች ልማድ ብቻ ነው።

ፕሮቴክትድ ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ የገባው በስታንፎርድ ኢንተርቪውስ የተባለውን ላይብረሪ ይሠራ የነበረው ማርክ ሊንተን የቋንቋውን ፈጣሪ ብያርነ ስትሮውስትሮፕን ስለጠየቀ ነው። ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ግን ሊንተን ራሱ በኢንተርቪውስ ውስጥ ፕሮቴክትድ ተለዋዋጮችን ከለከለ፤ የስህተት ምንጭ ሆነው ነበርና።

ከአንዱ ሂሳብ ወደ ሌላው ገንዘብ ማስተላለፍ ሲያስፈልግ የተሻለው መንገድ «ቀሪ»ን ፕራይቬት አድርጎ፣ በ«ሂሳብ» ውስጥ «ወጪ» እና «ገቢ» የሚባሉ ፐብሊክ ፈንክሽኖችን ማወጅ ነው። «ቁጠባ» «ወጪ»ን በራሱ መንገድ እንደገና ጽፎ የ50 ብሩን ገደብ ያስከብራል። በሲ ፕላስ ፕላስ «ቁጠባ» «ተንቀሳቃሽ»ን ፍሬንድ ብሎ ማወጅም ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ግን ፈቃዱን የሚሰጠው የሚነካው ክላስ እንጂ ነኪው አይደለም።