ከሽመናው በፊት ንድፉ፦ የፈረንሳይ ታፔስትሪና የቃቄ ውርድወት

ታፔስትሪ የሚባለው የግድግዳ ጨርቅ ሥዕሉ ከላይ የተጠለፈበት ወይም የታተመበት ሳይሆን፣ ባለ ቀለሙ ማግ በድሩ መካከል እየተመላለሰ ራሱ ሥዕል የሚሆንበት የሽመና ሥራ ነው። ሠዓሊው አስቀድሞ በወረቀት ላይ ትንሽ ንድፍ ያወጣል፤ ንድፉም በጨርቁ ሙሉ ልክ እንደገና ተስሎ ካርቶን የሚባለው የሸማኔው መሪ ሥዕል ይሆናል።

በፈረንሳይ ቦቬ ከተማ በነበረው የሽመና ድርጅት፣ ሠዓሊው ፍራንሷ ቡሼ የግሪክና የሮም አፈ ታሪኮችን ነድፎ አሠርቷል፤ ከእነዚህም አንዱ የፍቅር አምላክ ያፈቀራትን የሳይኬን ታሪክ የሚያሳየው፣ ሽመናው እ.ኤ.አ. በ1741 የተጀመረው ተከታታይ ሥራ ነው። በዚያ ድርጅት ካርቶኑ ከድሩ ሥር ስለሚነጠፍና ሸማኔው ከጨርቁ ጀርባ ስለሚሠራ፣ ሥዕሉ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ ይወጣል፤ በመሆኑም በጨርቁ ላይ ሰይፉን በቀኝ እጁ የሚይዝ ጀግና በካርቶኑ ላይ በግራው መያዝ ነበረበት።

ንድፍ ታሪክን ለትውልድ እንደሚያቆይ የንግሥት አርጤሚስያ ሥዕሎች ያስረዳሉ። ኒኮላ ኡኤል የተባለ የፓሪስ መድኃኒት ቀማሚ፣ ለባሏ መቃብር በሃሊካርናሰስ ዝነኛ ሐውልት ያሠራችውን የጥንቷን ንግሥት ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1562 ጽፎ፣ ባሏ ለሞተባት ለፈረንሳይ ንግሥት ለካትሪን ደ ሜዲቺ አበረከተ፤ አንትዋን ካሮንና ሌሎች ሠዓሊያንም ታሪኩን ነደፉት። ታፔስትሪው የተሸመነው ግን ከአርባ ዓመታት ገደማ በኋላ፣ በፈረንሳዩ ንጉሥ በአራተኛው ሄንሪ ዘመን ነው።

ኢትዮጵያም ሥዕልን በሽመና የመግለጽ ጥበብ ነበራት። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ዘመቻ በኋላ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም የገባው፣ ከጎንደር ዘመን የቆየው የሐር የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ቁመቱ ከ5 ሜትር በላይ ሲሆን፣ ባለ ቀዳዳ ትንንሽ ሰሌዳዎችን በማዞር በተሸመነው ገጹ ላይ የሰዎች ምስሎች ይታያሉ።

ስለዚህ በጉራጌ ምድር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለሴቶች የጋብቻ መብት የተሟገተችው የቃቄ ውርድወት የጆካ በተባለው የጉራጌ ባህላዊ ሸንጎ ፊት የቆመችበት ታሪክ ለተከታታይ ንድፍ የሚበቃ ነው። የወልቂጤና የቡታጅራ ወጣት ሠዓሊያን ሸማኔውን ሳይጠብቁ ዛሬውኑ በወረቀት ይንደፉት፤ ንድፉ ካለ ሸማኔው አይታጣም።