ጠፈርን ያላየች የጠፈር መርከብ

ዋሽንግተን ዲሲ የሚገኘው የስሚዝሶኒያን ብሔራዊ የአየርና የጠፈር ሙዚየም የእውነተኛ በራሪዎች ቤት ነው። ቻርልስ ሊንድበርግ በ1927 አትላንቲክን ብቻውን ያቋረጠባት አውሮፕላን እዚያ ናት። ኒል አርምስትሮንግና ሁለት ባልደረቦቹ በ1969 ከጨረቃ ጉዟቸው የተመለሱባት የአፖሎ 11 መንኮራኩርም የዚሁ ቤት ንብረት ናት። ሙዚየሙ በ2016 አርባኛ ዓመቱን ሲያከብር ግን ወደ ዋናው አዳራሽ ለየት ያለች እንግዳ አስገባ፤ ከእንጨት፣ ከፕላስቲክና ከቆርቆሮ የተሠራች፣ ሰው ያልተሳፈረባት፣ ከመሬት አንድ ስንዝር በራ የማታውቅ መርከብ። ስሟ ኢንተርፕራይዝ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢንተርፕራይዝ «ስታር ትሬክ» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ መርከብ ናት። ድራማው ሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ጀመረ፤ ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ 79 ክፍል ከታየ በኋላ፣ ተመልካቹ አነሰ ተብሎ ተቋረጠ። ዛሬ የምናውቀው ዝና የመጣለት ከተቋረጠ በኋላ፣ በድጋሚ ሥርጭት ነው። ጂን ሮደንቤሪ የፈጠረው ታሪክ እንዲህ ነው፦ በ23ኛው ክፍለ ዘመን ከልዩ ልዩ ዘርና አገር የተውጣጡ መርከበኞች ከኮከብ ኮከብ እየተጓዙ ያላወቁትን ዓለም ያስሳሉ።

ደብረ ብርሃን ተቀምጦ የኮከብ መርከብ ወሬ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ካለ የከተማዋን አመሠራረት ያስታውስ። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ያሠሩት ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ ነው። ያ ብርሃን በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ፤ ምእመኑ ደግሞ ተአምር ነው ይላል። የሆነው ሆኖ፣ አንጋጦ ባየው ነገር ምክንያት ከተማ የቆረቆረ አገር ሰው ስለ ጠፈር ለመስማት የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ወደ መርከቧ እንመለስ። ንድፏን ያወጣው ማት ጀፈሪስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ ያገለገለ ሰው ነው። አካሏን ልሙጥ ያደረገውም በባለሙያ ዐይን አይቶ ነው፤ በጠፈር ውስጥ ብልሽትን ለመጠገን ከውስጥ ሆኖ መሥራት እንጂ ውጭ ወጥቶ መንጠልጠል አያስኬድም አለ። ሞዴሏ ካሊፎርኒያ፣ በርባንክ ከተማ በሚገኝ ወርክሾፕ ተሠርታ በዲሴምበር 1964 ርክክብ ተደረገ። ርዝመቷ 3.4 ሜትር፣ ክብደቷ 90 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በዚያው ዓመት በኖቬምበር የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አዲስ አበባ ላይ ሥርጭት ጀምሯል፤ ስለዚህ ሁለቱ እኩያሞች ናቸው። በ2019 ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ 1 ክብደቷ 70 ኪሎ ገደማ ነበር። የውሸቷ መርከብ ከእውነተኛዋ ትከብዳለች ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ግራ ጎኗ ነው። በስተቀኝ ያያት ሰው መስኮቶቿ ሲበሩ፣ ስሟና ቁጥሯ በደማቁ ተጽፎ፣ ሁሉ ነገሯ ተሟልቶ ያገኛታል። ዞር ብሎ በስተግራ ቢያይ ግን ሥራው ከመንገድ የቀረ ነው። ለመብራቶቿ የሚሆነው የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚገባው በዚህ ጎን ስለሆነ ካሜራው ወደዚያ ዞሮ አያውቅም፤ ካሜራ ለማያየው ደግሞ ገንዘብ የሚያወጣ የቴሌቪዥን ድርጅት የለም። ወደ ሌላ አቅጣጫ ስትሄድ እንድትታይ ከተፈለገ ቁጥሯ ተገልብጦ ይለጠፍና የተቀረጸው ምስል መልሶ ይገለበጣል። ከብርሃን በላይ ትፈጥናለች የተባለችበት ሞተርም ቢሆን ገመናው ብዙ ነው፤ ከፊት ለፊት ባሉት ሁለት ጉልላቶች ውስጥ የነበሩት የገና ዛፍ አምፖሎች፣ የመስተዋት ስባሪዎችና በትንሽ ሞተር የሚሽከረከር መዘውር ናቸው። በ1966 ይህን ያየ ልጅ ግን የሚንቀለቀል የጠፈር እሳት ነው ያየው።

ትናንሾቹ ዕቃዎችም እንዲሁ ናቸው። ተዋንያኑ የሚነጋገሩባትን የምትከፈት የእጅ መገናኛና በትከሻ የሚንጠለጠለውን መመርመሪያ የሠራው ዋ ቻንግ የተባለ ቻይናዊ አሜሪካዊ ቀራጺ ነው። የሐኪሙ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች ደግሞ የጨው መነስነሻዎች ናቸው። ጨው የሚበላ አውሬ ላለበት አንድ ክፍል ተብሎ ለየት ያሉ መነስነሻዎች ተገዙ፤ ቅርጻቸው እንግዳ ስለሆነ ተመልካቹ የጨው ዕቃ መሆናቸውን አይረዳም ተባለና ለጠረጴዛው ተራ መነስነሻ ቀረበ፣ የተገዙትም ለሐኪሙ ተሰጡት። ሰው ሲቀርብ በራሳቸው የሚከፈቱት በሮች? ከግድግዳው ጀርባ የቆሙ ሠራተኞች ናቸው የሚጎትቷቸው። ሰውን በቅጽበት ከመርከቧ ወደ ምድር የሚያደርሰው ዝነኛ መሣሪያም ቢሆን የመጣው ከችግር ነው፤ መርከቧ ስታርፍ በየሳምንቱ ለመቅረጽ በጀቱ አልበቃም። እጥረት ካልሰነፉበት ጥሩ አስተማሪ ነው፤ የእኛ የቲያትር ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ዕቃው የውሸት ይሁን እንጂ ያስከተለው ነገር እውነት ነው። የመርከቧን የመገናኛ መኮንን ሌተናንት ኡሁራን ሆና የተጫወተችው ጥቁር አሜሪካዊት ኒሼል ኒኮልስ ሥራውን ለመተው አስባ ሳለ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ አግኝቷት እንዳትለቅ እንደመከራት ደጋግማ ተናግራለች። ጥቁር ሴት በአሜሪካ ቴሌቪዥን የቤት ሠራተኛ ሆና በምትታይበት ዘመን መኮንን ሆና መታየቷ ቀላል ነገር አልነበረም። ኋላ ናሳ ራሱ ሴቶችንና ጥቁሮችን ለጠፈርተኝነት እንድትመለምል ቀጠራት። በ1992 ጠፈር የወጣችው የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሜይ ጀሚሰንም የልጅነት መነሻዬ ኡሁራ ናት ትላለች።

እዚህ ላይ አንድ ቀልድ የሚመስል ታሪክ አለ። በ1976 የድራማው ወዳጆች ለፕሬዚዳንት ፎርድ ደብዳቤ አዥጎደጎዱና የናሳ የመጀመሪያዋ ስፔስ ሻትል «ኢንተርፕራይዝ» ተብላ እንድትሰየም አስደረጉ። ስሟ ሳይከተላት አልቀረም መሰለኝ፣ ያቺም በ1977 በአየር ላይ ለሙከራ ተንሳፈፈች እንጂ ጠፈር ሳትወጣ ሙዚየም ገባች።

ሞዴሏ ወደ ስሚዝሶኒያን የመጣችው በ1974 ነው። የፊልም ኩባንያው ፓራማውንት ሰጣት፤ ተፈታታ፣ በሳጥን ታሽጋ ደረሰች። ከዚያ በኋላ የገጠማት ዕጣ ብዙ የአገራችንን ቅርስ ያስታውሰኛል። ተጠገነች፣ ደግማ ተጠገነች፣ በየጥገናው ላይ አዲስ ቀለም ተደረበባት። ከ2000 ጀምሮ ደግሞ ለዓመታት በሙዚየሙ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ፣ በቲሸርትና በመጫወቻ መካከል ተቀመጠች። በ2014 ነው ከዚያ ወጥታ ወደ ጥገና ክፍል የገባችው።

የዚያ ጊዜው ሥራ ነው ሙዚየሙን የሚያስመሰግነው። ባለሙያዎቹ እንደ ሕመምተኛ በኤክስሬይ አዩዋት፤ የተደራረበውን ቀለም ንብርብር በንብርብር መረመሩ። አንድ ውሳኔም ወሰኑ፦ በኦገስት 1967 በነበራት መልክ ትመለስ፤ በቀረጻ ዘመኗ ለመጨረሻ ጊዜ ለውጥ የተደረገባት ያኔ ነውና። የሳህን ቅርጽ ያለው ክብ አካሏ ጣራ የመጀመሪያውን ቀለም እንደያዘ ስለተገኘ እሱን አልነኩትም። የተቃጠሉት አምፖሎች ቦታ ኤልኢዲ መብራት ገባ። ያልተጠናቀቀውን ግራ ጎን ግን አላሳመሩትም፤ እንዳለ ተዉት። አሳምረውት ቢሆን ኖሮ ውብ አሻንጉሊት ይሆን ነበር። አሁን ግን የ1960ዎቹ የቴሌቪዥን ሠራተኞች እንዴት እንዳሰቡ፣ የትኛው ላይ እንደለፉና የትኛው ላይ እንደቆጠቡ የሚናገር ሰነድ ነው።

«የውሸት ዕቃ ከእውነተኛ መንኮራኩር ጎን ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው ይኖራል። እዚያው ሙዚየም ውስጥ ያለችው የጨረቃ ማረፊያም እኮ ጨረቃን አላየችም፤ ለምድር ላይ ሙከራ የዋለች ናት። ለማንኛውም፣ መልሱን አንኮበር ላይ መፈለግ ይቻላል። በ1841 የእንግሊዙ ካፒቴን ዊሊያም ሃሪስ ከቦምቤይ ተነሥቶ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ሲደርስ መድፍ፣ ጠመንጃ፣ ምንጣፍና ራሳቸው የሚዘምሩ የሙዚቃ ሳጥኖች ይዞ ነበር። አንድ መድፍ ብዙ ሊሠራ ይችላል፤ የሙዚቃ ሳጥን ግን ምንም አይፈይድም፣ ማስገረም ብቻ። ሆኖም ላኪው ራሱን እንዴት ሊያሳይ እንደፈለገ፣ ተቀባዩ በምን እንደተገረመ የሚነግረን ያ የማይፈይደው ሳጥን ነው። የአንኮበር ቤተ መንግሥት ዛሬ ከግንብ ቅሪት በቀር የለም፤ በአምሳሉ ግን ሎጅ ተሠርቷል። ታዲያ አምሳል የሚጎዳው አምሳል መሆኑን ሲደብቅ ብቻ ነው።

የዚህ ዓይነቱን ነገር በሚያስቅና በሚያሳዝን መልክ ያሳየ ፊልም አገራችን ውስጥ ተሠርቷል። በ2015 የወጣው «ክራምብስ»፣ የስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ሥራ፣ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የተወኑበት፣ ከፊሉ ዳሎል ላይ የተቀረጸ የሳይንስ ልብ ወለድ ነው። ዓለም ጠፍታለች፤ ሰማይ ላይ አንዲት መርከብ ተንጠልጥላለች። ከጥፋቱ የተረፉ ሰዎች የፕላስቲክ አሻንጉሊትና የሙዚቃ ሸክላ እንደ ክታብ ይዘው ወደ አንድ ሱቅ ያመጣሉ፤ ባለሱቁም ስለ እያንዳንዱ ዕቃ ፍጹም የተሳሳተ ታሪክ በልበ ሙሉነት ይተርካል። መግለጫ ሳይጻፍለት የቀረ ዕቃ መጨረሻው ይህ ነው።

በእኛስ ዘንድ? በየቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ዘውዱ፣ ካባውና መስቀሉ በስምና በቁጥር ተመዝግቦ የሚጠብቀው ሰው አለው። ለቲያትርና ለቴሌቪዥን ዕቃ ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ አላየንም። በደርግ ዘመን በየቀበሌው የነበሩት የኪነት ቡድኖች የእንጨት ጠመንጃ፣ የካርቶን ዘውድ፣ በእጅ የተሳለ መጋረጃ ነበራቸው። ያኔ እንደ ተራ ዕቃ ታዩ፤ ዛሬ ግን የዚያን ትውልድ ተስፋና ፍርሃት ከብዙ ሪፖርት የበለጠ በነገሩን ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ስሚዝሶኒያን ጥገናውን ሲጀምር በ2015 ለሕዝብ ጥሪ አቅርቦ ነበር፦ ከ1976 በፊት የተነሣ የመርከቧ ፎቶ ያለው ይላክልን አለ። በ1972 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ኮሌጅ ለእይታ ቀርባ ሳለ ተራ ተመልካቾች ያነሷቸው ፎቶዎች ሳይቀሩ ለሥራው ጠቀሙ። እናንተም ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ ዓለም ከተማም ሆነ መሐል ሜዳ ያላችሁ፣ በአልበማችሁ ውስጥ የትምህርት ቤት ድራማ ወይም የኪነት ቡድን ፎቶ ካለ ዛሬውኑ አውጡት፤ ከጀርባው ዓመቱን፣ ቦታውንና የተዋንያኑን ስም ጻፉበት። ዕቃው ራሱ ጣራ ሥር ተወርውሮ ካለም ከመጣላችሁ በፊት በአካባቢያችሁ ያለውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ዩኒቨርሲቲውን ጠይቁ።