ባድመ ለማን ተፈረደች? የጦርነት ዜና እንዴት ይሠራል

አጎቴ የባድመ ዘማች ነበር። ለዕረፍት ደምበጫ በሄድኩ ቁጥር ሳያነሳት የማያልፍ አንዲት ቀን አለችው፤ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም.። የአቦ ዕለት ስለነበረች ጠበል ጠዲቅ ቤት ተሰብስበው ሳለ ሬዲዮኑ ባድመ ለኢትዮጵያ ተወሰነች አለ። «እዚያ ለቀሩት ጓደኞቼ አለቀስኩ፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር» ይላል። እኔ ያኔ አልተወለድኩም። ዛሬ የጋዜጠኝነት ተማሪ ስሆን ግን ያ ዜና እንዴት ተሠራ ብዬ መጠየቄ አልቀረም።

እስቲ ከመነሻው እንየው። ጦርነቱ የጀመረው ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ዓ.ም. ባድመ አካባቢ በተነሳ ግጭት ነው። በሁለቱም ወገን ከ70,000 በላይ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኤርትራ አልጀርስ ላይ ተፈራረሙ። በስምምነቱ መሠረት ድንበሩን ገለልተኛ ኮሚሽን ይወስናል፤ ውሳኔውም የመጨረሻና አስገዳጅ ይሆናል።

ኮሚሽኑ የወሰነው እንግዲህ በዚያች የአቦ ዕለት ነው። ውሳኔው ከ100 ገጽ በላይ ሲሆን የድንበሩን መስመር የሚያስቀምጠው በካርታ ነጥቦች ነበር። ባድመ በየትኛው ወገን እንደወደቀች በግልጽ አይናገርም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አቶ ሥዩም መስፍን ግን በዚያው ዕለት ባድመ ለኢትዮጵያ መወሰኗን አስታወቁ። የኤርትራ መንግሥትም በበኩሉ አሸነፍኩ አለ። አስመራ ላይ ይህን የሚጠይቅ የግል ጋዜጣ አልነበረም፤ መስከረም 1994 ዓ.ም. ሁሉም ተዘግተው ነበር።

መጋቢት 1995 ዓ.ም. ኮሚሽኑ ራሱ ባድመ በኤርትራ ወገን መሆኗን ግልጽ አደረገ። መስከረም 1996 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ውሳኔውን ሕገ ወጥና ኢፍትሐዊ ብለው ለተባበሩት መንግሥታት ጻፉ። ኢሕአዴግ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ ያለው ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ቢባልም ይህኛው ንጋት 16 ዓመት ፈጀ።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ ነው ወይ? አይደለም። ባድመ የማን እንደሆነች በተገለጸበት በዚያው በመጋቢት 1995 ዓ.ም. አሜሪካ ኢራቅን ወረረች። ምክንያቱ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ነው ተባለ፤ መሣሪያው ግን አልተገኘም። እዚያ የግል ጋዜጣ ሞልቷል፣ የፕሬስ ነፃነቱም በሕግ የተጠበቀ ነው። ሆኖም ብዙዎቹ የባለሥልጣናቱን ቃል ተቀብለው አስተጋቡ። ልዩነቱ በኋላ የሆነው ነው። ኒው ዮርክ ታይምስ ግንቦት 18 ቀን 1996 ዓ.ም. አንዳንድ ዘገባዎቹ የሚገባውን ያህል ጥብቅ እንዳልነበሩ ለአንባቢዎቹ አመነ። አጎቴ ግን ሬዲዮኑ «ተሳስተን ነበር» ሲል እስከ ዛሬ ሰምቶ አያውቅም።

ባለፈው ጊዜ «ጋሼ፣ ሬዲዮኑ ይህን ያለው ማን እንደሆነ ተናግሮ ነበር?» አልኩት።

«ማን እንዳለው ምን ያደርግልኛል? የኛው ሬዲዮ ነዋ ያለው!» አለኝ።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። «ሚኒስትሩ ተወሰነ አሉ» እና «ተወሰነ» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ዜናዎች ናቸው። አንደኛው መግለጫ ነው፤ ሁለተኛው ሰነዱን አንብቦና ነጥቦቹን ካርታ ላይ አስቀምጦ የሚነገር ፍርድ ነው። በጦርነት ጊዜ የመጀመሪያው ሁለተኛውን መስሎ ይወጣል። ሰሚው ደግሞ ልጁን ሰጥቷልና ማመን ይፈልጋል።

ጉዳዩ ለእኔ የክፍል ትምህርት ብቻ አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ዛሬም እናቴ ስትደውል «አንተ፣ ጋዜጠኝነት ትማር የለ፤ እንዲህ ሆነ የሚሉት እውነት ነው?» ትለኛለች። አንዱ ወገን አሸነፍኩ ሲል ሌላውም ያንኑ ይላል። እኔም የምመልስላት «እነ እገሌ እንዲህ አሉ፤ እኔ ግን አላየሁም» ብዬ ነው። እሷ ይህ መልስ አያረካትም። እኔ ግን ከዚህ በላይ ብላት የአጎቴን ሬዲዮ መሆኔ ነው።

ቸር እንሰንብት።