ሞተሩ በራሱ ሲጠፋ፤ መቼ እንተወው፥ መቼ እንከልክለው?



በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ቀይ መብራት ሲበራ፥ በአንዳንድ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው አንድ እንግዳ ነገር ያጋጥመዋል። ነጂው ቁልፉን ሳይነካ ሞተሩ ዝም ይላል፤ አረንጓዴው በርቶ እግሩን ከፍሬኑ ላይ ሲያነሣ ደግሞ ወዲያው ይነሣል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው መኪናው የተበላሸ መስሎት ይደነግጣል። ነገር ግን «ስታርት ስቶፕ» የተባለው መሣሪያ ሥራውን መሥራቱ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም።

ዛሬ ስለዚህ መሣሪያ የምንነጋገረው፥ በተለይ በአሶሳና በመላው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ለሚነዱ፥ እንዲሁም ለመስክ ሥራ ወደዚያ ለሚሄዱ የመንግሥት ሠራተኞች እንዲጠቅም በማሰብ ነው። ለአዲስ አበባ የተመቸ ሁሉ ለአሶሳ ይመቻል ማለት አይደለምና።

የመሣሪያው አሳብ የተወለደው ከነዳጅ ችግር ነው። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ባሻቀበ ጊዜ ችግሩ ወደ አገራችንም ዘልቆ፥ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የአዲስ አበባ የታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ መጨመር ምክንያት ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። በዚያው ዘመን በጃፓን የቶዮታ ፋብሪካ «ክራውን» በተባለው መኪናው ላይ፥ መኪናው ሲቆም ሞተሩን የሚያጠፋ መሣሪያ አዋለ። ነገሩ በዓለም የተስፋፋው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ፥ የአውሮጳ መንግሥታት የመኪና ጢስ እንዲቀንስ ሕግ ባወጡ ጊዜ ነው።

ጥቅሙ በቀላል ሒሳብ ይታወቃል። ቆሞ የሚሠራ ሞተር፥ መካኒኮቻችን «ሚኒሞ» በሚሉት ዝቅተኛ ዙር፥ እንደ ትልቅነቱ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የሚሆን ነዳጅ በከንቱ ያቃጥላል። የሞቀ ሞተርን እንደገና ለማስነሣት የሚወጣው ነዳጅ ግን 10 ሰኮንድ ያህል ቆሞ ሲሠራ ከሚፈጀው አይበልጥም። እንግዲህ በመገናኛ አደባባይ በመኪና ብዛት ተይዞ ደቂቃዎች የሚያሳልፍ ነጂ፥ ሞተሩ ቢጠፋለት ያተርፋል። በአሶሳ ግን እንደ አዲስ አበባ ያለ ጭንቅንቅ የለም፤ ነጂው የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ለሚያቋርጥ ከብት ወይም ለባጃጅ፥ ያውም ለጥቂት ሰኮንድ ነው። በዚያ ትርፉ እጅግ ያነሰ ነው።

ትርፉ ካነሰ ዘንድ፥ መሣሪያውን መከልከል የሚገባባቸውን ጊዜያት ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው የሙቀት ጊዜ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ ሞተሩ ሲጠፋ የአየር ማቀዝቀዣው መጭመቂያም አብሮ ይቆማል። በጉባ ወይም በኩርሙክ ቆላ፥ ሕፃን ወይም በሽተኛ ይዞ የሚጓዝ ሰው ይህን አስቀድሞ ያስብ።

ሁለተኛው የውሃ ጊዜ ነው። በክረምት መንገዱን የሚያቋርጥ ጅረት ሞልቶ መኪናው በመካከሉ ለአፍታ ቢቆም፥ ሞተሩም አብሮ ቢጠፋ፥ ውሃ በጢስ ማውጫው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ወደ ውሃው ከመግባት በፊት መሣሪያውን መዝጋት ግዴታ ነው። ጥልቀቱ ያልታወቀ ውሃ ግን በማናቸውም መኪና አይደፈርም።

ሦስተኛው፥ በጭቃ ውስጥ ወይም በጠባብ ስፍራ ወደፊትና ወደኋላ እያሉ መኪና በሚያዞሩበት ጊዜ ነው።

የመዝጊያው ዘዴ ቀላል ነው። በብዙ መኪኖች ላይ ከመሪው አጠገብ ወይም ከማርሹ አካባቢ አንድ ቁልፍ ይገኛል፤ ምልክቱ «ኤ» የተባለው የላቲን ፊደል ሆኖ ክብ ቀስት ይዞረዋል። ቁልፉ ሲጫኑት ትንሽ መብራት ይበራል፤ ይህም መሣሪያው ተዘግቷል ማለት ነው። መኪናው ጠፍቶ እንደገና ሲነሣ መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ፋብሪካው እንዲሁ አድርጎ ስለሠራው ነው። ይህ አሰልችቷቸው ሽቦ የሚያስቆርጡ ሰዎች አሉ። ጉዞ በተጀመረ ቍጥር አንድ ጊዜ መጫን ግን ከዚያ ይሻላል፤ የተቆረጠ ሽቦ ሌላ ችግር ይወልዳልና።

ከሁሉ የሚበልጠው የባትሪ ጉዳይ ነው። ሞተሩ በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚነሣ፥ ፋብሪካው ሞተሪኖውን አጠንክሮ፥ ባትሪውንም ለዚሁ የተዘጋጀ አድርጎ ያቀርባል። በዚህ ፈንታ ተራ ባትሪ ቢገባ ፈጥኖ ይደክማል፤ ሙቀትም ድካሙን ያፋጥነዋል።

አንድ የማውቀው የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ያገለገለ መኪና ገዝቶ፥ ለርካሽነቱ ሲል ተራ ባትሪ አስገባበት። ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተሩ በየመንገዱ መጥፋቱን ተወ። ሰውየውም «ተገላገልኩ» ብሎ ደስ አለው። ነገሩ ግን ባትሪው ደክሞ ሳለ መኪናው ሞተሩን ለማጥፋት መፍራቱ ነበር። አንድ ቀን የታመሙ አክስቱን ከባምባሲ ወደ አሶሳ ሐኪም ቤት ሲያደርስ፥ መንገድ ላይ ቆሞ ሞተሩን በገዛ እጁ አጠፋ፤ ከዚያ በኋላ እንቢ አለው። ማርሹ አውቶማቲክ ስለሆነ በግፊ ማስነሣት አልተቻለም። አክስቱ በአላፊ መኪና ተሳፍረው ሲሄዱ፥ እርሱ የባትሪ ገመድ የሚያውሰው ሰው ሲጠብቅ ዋለ። እንግዲህ መሣሪያው ያለ ምክንያት ሥራውን ቢያቆም፥ አንባቢ ሆይ፥ ደስ አይበልዎ፤ ባትሪውን ያስመርምሩ።

አንድ ነገር እንጨምር። ሞተሩ ዝም ስላለ ጠፍቷል ብለው ከመኪናው አይውረዱ፥ ኮፈኑንም ከፍተው እጅዎን አያስገቡ። አስቀድመው የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፥ ቁልፉንም ያጥፉ።

በጉባ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጀመረው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ሲቆም የሚያቃጥለው ነዳጅ የለውም፤ እንዲህ ያለ ቁልፍም አያሻውም። እስከዚያው ግን በእጃችን ያለውን መኪና ጠባዩን አውቀን እንያዘው። በጭንቅንቅ መንገድ መሣሪያውን ይተውት፤ በሙቀት፥ በውሃና በጭቃ ይከልክሉት፤ ባትሪውን ግን በማናቸውም ጊዜ አይዘንጉት።