የቴሌቪዥን ልቅሶና የቤት ኀዘን

በየምሽቱ በየቤታችን የሚታዩት ተከታታይ ድራማዎች ሞትን አብዝተው ያሳያሉ። አንዱ በመኪና አደጋ ይጠፋል፤ ሌላው በጥይት ይወድቃል፤ ሦስተኛዋ ሐኪም ስሙን በማይጠራው ደዌ ተይዛ በሆስፒታል አልጋ ላይ ታሸልባለች። ሞቱ እንዲህ ሲበዛ ኀዘኑ ግን አይገኝም። ጩኸቱ አለ፤ ዕንባው አለ፤ ልብ የሚሰቅል ሙዚቃም አለ፤ ነገር ግን ሰው የሞተበት ቤት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ተመልካች ያንን ቤት በመስተዋቱ ውስጥ ፈልጎ አያገኘውም።

የነገሩ አካሄድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ስልክ ይጮኻል። እናት ታነሣዋለች። ጥቂት ታዳምጥና ስልኩ ከእጅዋ ይወድቃል፤ ካሜራው ወደ ፊትዋ ቀርቦ ከንፈርዋ ሲንቀጠቀጥ ያሳያል፤ የዕለቱም ክፍል በዚያው ያበቃል። በሚቀጥለው ክፍል ጠጕርዋ እንደ ተሠራ፣ ኩልዋም ሳይፈስ፣ በመቃብሩ አጠገብ ቆማ በቀልን ትምላለች። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ የሌላ ሰው ሠርግ ስታደግስ ትታያለች፤ የሟች ልጅዋን ስም የሚያነሣ የለም።

መርዶ የደረሰበትን ሰው በቅርብ ያየ ሁሉ የሚያውቀው ሌላ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ሁልጊዜ ጩኸት አይደለም። አንዱ የተነገረውን እንዳልሰማ ሆኖ ይቀመጣል። አንዲቱ ስትለቅመው የነበረውን ምስር መልቀምዋን ትቀጥላለች፤ ሕፃኑ ከትምህርት ቤት መመለሱንና ምሳውን መብላቱን ትጠይቃለች። ዕንባው የሚመጣው ከሦስት ቀን በኋላ፣ ምናልባትም ከወር በኋላ፣ የሟቹ ጫማ ከአልጋ ሥር ሲገኝ ሊሆን ይችላል። ድራማው ይህን አያሳይም፤ ምስር የምትለቅም ሴት በካሜራ ፊት ኀዘንተኛ መስላ አትታይምና።

ከሁሉ ይልቅ ከእኛ ኑሮ የራቀው ግን ያ ስልክ ነው። በአገራችን ልማድ መርዶ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው አይነገርም። ዘመድ፣ ጎረቤትና የዕድር ሰዎች አስቀድመው ይመካከራሉ፤ ሰውዬውን በሰላም ተኝቶ እንዲያድር ይተዉትና ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበው ይገባሉ፤ እርሱም አፋቸውን ሳይከፍቱ ነገሩን ከፊታቸው ያነበዋል። በዋሽንግተንም ሆነ በሌላ ባዕድ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ይዘው ሄደዋል፤ ከአገር ቤት የሞት ወሬ ሲመጣ ወዳጆች ተጠራርተው እስኪሰበሰቡ ድረስ ከባለ ኀዘኑ ይደበቃል። የዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ምክንያት ያች እናት ብቻዋን ስልክ እንዳታነሣ ነው። (ዛሬ የሟቹ ፎቶግራፍ በፌስቡክ ላይ እየወጣ ሽማግሌዎቹን መቅደሙ ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጽሑፉን የሚለጥፉት ሰዎች ግን ቢያስቡበት መልካም ነበር።)

እንዲህ ያለው ድራማ የተወለደው በአሜሪካ ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት እንደ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ያሉ ሳሙና አምራቾች ወጪውን እየሸፈኑ፣ በቤት ለሚውሉ ሴቶች በራዲዮ ያሰሙት ስለ ነበር «ሶፕ ኦፔራ»፣ ማለት የሳሙና ኦፔራ፣ የሚል ስም ወጣለት። ከእነዚህ አንዱ «ጋይዲንግ ላይት» የተባለው እ.ኤ.አ. በ1937 በራዲዮ ተጀምሮ፣ በ1952 ወደ ቴሌቪዥን ተሻግሮ፣ እስከ 2009 ድረስ 72 ዓመት ቆየ። በሳምንት አምስት ቀን የሚታይ ታሪክ በዓመት 250 ያህል ክፍሎች ይፈልጋል። ደራሲው አንዱን ሰው የሚገድለው ብዙ ጊዜ ታሪኩ ስለ ጠየቀ ሳይሆን የተዋናዩ ውል ስላለቀ ነው። ከገደለውም በኋላ የሟቹ ሚስት እንደ ሰው ልጅ ዓመት ሙሉ ብታዝን ታሪኩ ይቆማል፤ ሳሙናውም አይሸጥም። ስለዚህ ኀዘኑ እንዲያጥር ይታዘዛል። ወደ እኛ አገር የገቡት ድራማዎች በአብዛኛው የመጡት ከቱርክ ነው፤ ቃና የተባለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ ድምፅ እየተመለሱ በብዙ ቤት ታይተዋል። በእነዚህ ውስጥ መተያየቱ ይረዝማል፤ ሙዚቃውም ይበዛል፤ የኀዘኑ ነገር ግን ከአሜሪካው እምብዛም የተለየ አይደለም።

እውነተኛው መከራ ከድራማው ጋር ፊት ለፊት የተገናኘበት አንድ ቀን አለ። ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1963)፣ በእኛ ዘንድ የኅዳር ሚካኤል በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ ሲ.ቢ.ኤስ. በተባለው የአሜሪካ ጣቢያ «አስ ዘ ወርልድ ተርንስ» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ በመታየት ላይ ነበር። በመካከል ድራማው ተቋረጠና የጋዜጠኛው የዋልተር ክሮንካይት ድምፅ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በዳላስ ከተማ በጥይት መመታታቸውን ተናገረ። ድራማው በቀጥታ የሚተላለፍ ስለ ነበር ተዋንያኑ ይህን ሳያውቁ በስቱዲዮው ውስጥ የተጻፈላቸውን መናገር ቀጠሉ። አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ክሮንካይት የፕሬዚዳንቱን መሞት የሚያረጋግጠውን ወረቀት አነበበ። መነጽሩን አወለቀ፤ ቀና ብሎ የግድግዳውን ሰዓት ተመለከተና ፕሬዚዳንቱ ከሞቱ ምን ያህል ደቂቃ እንዳለፈ ተናገረ፤ መነጽሩን መልሶ አደረገ፤ ለአፍታ ድምፁ ታነቀ፤ ከዚያም ሥራውን ቀጠለ። ያ የታነቀ ድምፅ ከስድሳ ዓመት በኋላም ይታወሳል፤ በዚያ ቀን ተዋንያኑ ሲናገሩት የነበረውን ግን ማን ያስታውሰዋል?

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዣክሊንም ደም የነካውን ልብሳቸውን አልለውጥም ብለው በዚያው እንደ ለበሱ ወደ ዋሽንግተን ተመለሱ። በቀብሩ ዕለት፣ ኅዳር 15 ቀን፣ ከሬሳው ኋላ በእግር ሲሄዱ ተከትለዋቸው ከሄዱት የአገር መሪዎች መካከል ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ጋዜጦች የወይዘሮዋን ዝምታ እጅግ አመሰገኑ። ቢሆንም ይህን ዝምታ የኀዘን ሁሉ መለኪያ አድርጎ ማቅረብ ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው፤ ጮኻ ያለቀሰች ሴት ከእርሳቸው አላነሰችም።

የዚያችው ከተማ ስም በኋላ ለሌላ ድራማ ተሰጠ። «ዳላስ» በተባለው ድራማ ቦቢ ዩዊንግ የተሰኘው ሰው እ.ኤ.አ. በ1985 በመኪና ተገጭቶ ሞተ፤ ቤተሰቡ አለቀሰ፤ ተቀበረ። ተዋናዩ ፓትሪክ ደፊ ወደ ሥራው ለመመለስ ሲስማማ ግን በ1986 ቦቢ በገላ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቆሞ ተገኘ፤ ያለፈው ዓመት ታሪክ በሙሉ የሚስቱ ሕልም ነበረ ተባለ። ሚሊዮን ሰዎች ያዘኑለት ሞት እንዲህ ተሰረዘ። ከዚህ በኋላ ተመልካቹ በልቡ አንድ ነገር ይማራል፤ ይኸውም ማንም ሰው ሊመለስ ይችላልና ለማንም ከልብ ማዘን እንደማያስፈልግ ነው።

የእኛ ለቅሶ ከትዕይንት የነጻ ነው ማለት አይቻልም። አልቃሽ አለች፤ ደረት የሚደቃ፣ ፊት የሚነጭ አለ፤ ካህናትም ይህ ልክ እንዲኖረው ሲመክሩ ኖረዋል። ነገር ግን አልቃሽዋ የሟቹን ስም ትጠራለች፤ ሥራውን ታነሣለች፤ ቃል ላጣው ኀዘንተኛ ቃል ታውሰዋለች፤ ይህም የሚሆነው በሰው መካከል ነው። ከዚህም በላይ ኀዘኑ ቀን አለው። ሣልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እያለ ይሄዳል። በየዕለቱ በሚታየው የአሜሪካ ድራማ መሠረት ቢቈጠር፣ የአርባው ተዝካር ከመድረሱ በፊት 28 ያህል ክፍሎች ያልፋሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የድራማዋ መበለት ሁለት ጊዜ ታግታ፣ አንድ ጊዜ አእምሮዋን ስታ፣ ሌላ ባል ለማግባት ታጭታ ይሆናል። የእኛዋ መበለት ግን ገና ጥቁር ልብስዋን አላወለቀችም፤ ሰዎችም ስሙን እያነሡ ወደ ቤትዋ ይመጣሉ።

ጉዳቱ የሚታየው በቤት ውስጥ ነው። ኀዘንን ከቴሌቪዥን የተማረ ወጣት ጎረቤቱ አባትዋ ሞቶ ሳታለቅስ ቢያይ «አትወደውም ነበር» ብሎ ይፈርዳል። ዕንባ እንቢ ያላት ልጅ ራስዋም ልብዋ ድንጋይ የሆነ እየመሰላት በሥውር ትሠቃያለች። ከስድስት ወር በኋላ አሁንም የሚያለቅስ ሰው ደግሞ «እስካሁን?» ይባላል። ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ሲያዩ፣ ያች እናት ስልኩን በጣለች ጊዜ «አያትህ ያረፉ ዕለት እኛ ቤት እንዴት ነበር?» ብለው ቢጠይቁ፣ ከዚያ የሚነሣው ጨዋታ ከድራማው ይበልጥ ይጠቅማል። ቴሌቪዥኑን መዝጋት ቀላል ነው፤ ልጁ ግን ነገ በጎረቤት ቤት ያየዋል።

ቴሌቪዥን እውነቱን መናገር አይችልም ማለቴ አይደለም። «ሰሳሚ ስትሪት» በተባለው የአሜሪካ የሕፃናት ዝግጅት ውስጥ ሚስተር ሁፐር የሚባሉ ባለሱቅ ነበሩ። እርሳቸውን ሆኖ ይጫወት የነበረው ዊል ሊ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1982 ሞተ። አዘጋጆቹ ሽማግሌው ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ ለማለት፣ ወይም ሌላ ተዋናይ ለመተካት ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን የሕፃናት አስተዳደግ ዐዋቂዎችን አማክረው ለልጆቹ ሞቱን ለመንገር ቈረጡ፤ ወላጆች በቤት በሚውሉበት በአሜሪካ የምስጋና በዓል፣ ኖቬምበር 24 ቀን 1983፣ ታየ። ቢግ በርድ የተባለው ትልቅ ቢጫ ወፍ የወዳጆቹን ሁሉ ሥዕል ሥሎ ሲያድል ሚስተር ሁፐርን ያጣቸዋል፤ ሲመለሱ እሰጣቸዋለሁ ይላል። ጎልማሶቹ አብረው ከብበውት ቆመው፣ እንደ ሞቱና እንደማይመለሱ ይነግሩታል። እርሱም መጀመሪያ የሚጠይቀው ምግቡን ከእንግዲህ ማን እንደሚያዘጋጅለት ነው። የሚሸሹት ጥያቄ አልነበረም፤ ሱቁን የተረከበው ሰው እኔ አዘጋጅልሃለሁ አለው። ተዋንያኑ የሥራ ባልደረባቸውን በእውነት ያጡ ስለ ነበሩ ዓይናቸው ዕንባ አቅርሮ ነበር። ወፉም ሥዕሉን ወስዶ ከጎጆው አጠገብ ሰቀለው፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት በዚያው ተሰቅሎ ይታይ ነበር።