ወረቱ የማይነካ ስጦታ
ለአንጎል ሕክምናና ምርምር የሚለገስ ገንዘብ ከምርቃቱ ቀን በኋላ እንዴት ይዘልቃል?

እ.ኤ.አ. በ1932 ዓለም በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ሳለች፣ ኒውዮርክ የሚገኘው የሮክፌለር ፋውንዴሽን በካናዳ ሞንትሪያል ከተማ ለሚቋቋም የአንጎልና የነርቭ ሕክምና ተቋም 1 ሚሊዮን 232 ሺህ ዶላር ያህል ፈቀደ። ለዘመኑ ከፍተኛ ገንዘብ ነበር። በነጋዴ ዓይን ሲታይ ግን ከመጠኑ ይልቅ አከፋፈሉ ትኩረት ይስባል። ለሕንፃው የተመደበው 232 ሺህ ዶላር ገደማ ብቻ ነው። ቀሪው 1 ሚሊዮን ዶላር ሳይነካ ተቀምጦ፣ በየዓመቱ በሚያስገኘው ገቢ የምርምሩ ሥራ እንዲካሄድበት የተሰጠ ነበር። ሒሳቡ ሲመታ ከእያንዳንዱ 100 ዶላር 81ዱ ለሥራው፣ 19ኙ ለግንቡ ማለት ነው።

በአገራችን የልግስና ልማድ ነገሩ ብዙውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። የመሠረት ድንጋይ ይጣላል፣ ግንቡ ይቆማል፣ መሣሪያው ይገዛል፣ ሪባን ይቆረጣል። በማግሥቱ የባለሙያው ደመወዝ፣ የመብራቱ ሒሳብና የመለዋወጫው ዋጋ ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ለመሆኑ ኢንዶውመንት ምንድን ነው?

የሞንትሪያሉ 1 ሚሊዮን ዶላር በፋይናንስ ቋንቋ ኢንዶውመንት ይባላል። ሐሳቡ ለመርካቶ ነጋዴ እንግዳ አይደለም። ደህና ነጋዴ ከትርፉ ይበላል እንጂ ወረቱን አይነካም። ኢንዶውመንትም ዋናው ገንዘብ ለሁልጊዜ ተቀምጦ፣ ለሥራው የሚወጣው ያፈራው ብቻ የሚሆንበት ስጦታ ነው።

በምሳሌ እንየው። 1 ሚሊዮን ብር ያገኘ የምርምር ክፍል በዓመት 200 ሺህ ብር ቢያወጣ በአምስተኛው ዓመት ካዝናው ባዶ ይሆናል። ያው ገንዘብ በዓመት 5 በመቶ በሚያስገኝ ቦታ ቢቀመጥ የሚገኘው 50 ሺህ ብር ብቻ ነው። መጠኑ ያንሳል፣ ነገር ግን በአሥረኛውም በሃያኛውም ዓመት አይቋረጥም። ለጋሹ የሚመርጠው እንግዲህ በብዙ ገንዘብ ለአጭር ጊዜ በመሥራትና በጥቂት ገንዘብ ለረጅም ጊዜ በመሥራት መካከል ነው።

የአንጎል ሕክምና ለምን ረጅሙን ይፈልጋል?

የሞንትሪያል ኒውሮሎጂካል ኢንስቲትዩትን የመሠረቱት ቀዶ ሐኪም ዶክተር ዋይልደር ፔንፊልድ ናቸው። ወደ ሞንትሪያል የመጡት እ.ኤ.አ. በ1928 ሲሆን፣ ለሮክፌለር ፋውንዴሽን ያቀረቡት የመጀመሪያ ጥያቄ አልተሳካላቸውም ነበር። ኋላ ግን ተፈቅዶላቸው ተቋሙ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1934 ተመረቀ። የሞንትሪያል ከተማ፣ የኩቤክ ክፍለ ሀገርና የግል ለጋሾችም የየበኩላቸውን አዋጥተዋል።

ተቋሙ በይበልጥ የታወቀው የሚጥል በሽታን በቀዶ ሕክምና በማከም ነው። ሐኪሙ የራስ ቅሉን ከከፈተ በኋላ፣ በሽተኛው ነቅቶ እየተነጋገረ ሳለ የአንጎሉን ክፍሎች በቀላል ኤሌክትሪክ ይነካካል። በሽታው የሚነሣበትን ቦታ ለይቶ ለማውጣት፣ የንግግሩንና የእጁን ቦታ ደግሞ እንዳይነካ ለመጠንቀቅ ነው። ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ የሚታየው የአንጎል ካርታ ከእነዚህ ቀዶ ሕክምናዎች ከተሰበሰበ መዝገብ የተገኘ ነው።

እንዲህ ያለው መዝገብ በአንድ የበጀት ዓመት አይሞላም። ከቀዶ ሐኪሙ ጀርባ የነርቭ ሐኪም፣ የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚለካ ባለሙያ፣ የላቦራቶሪ ሠራተኛ፣ በሽተኛውን ለዓመታት የሚከታተል መዝገብ ያዥ አለ። የማስታወስ ችሎታን ያጠኑት ብሬንዳ ሚልነር እ.ኤ.አ. በ1950 ወደ ተቋሙ መጥተው በሥራቸው ለበርካታ አሥርት ዓመታት ቆይተዋል። ደመወዙ በየዓመቱ በልመና የሚገኝ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ሥራ መሐል ላይ በተቋረጠ ነበር።

ወረት ዝም ብሎ አይቀመጥም

ኢንዶውመንት ግን ጠላት አለው፤ እሱም የዋጋ ንረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 1 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ይገዛ የነበረውን ዕቃ እ.ኤ.አ. በ2024 ለመግዛት 23 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያስፈልጋል። ስለዚህ ወረቱን አለመንካት ብቻ አይበቃም። ካፈራው ከፊሉ ወደ ወረቱ መመለስ አለበት። አዳዲስ ለጋሾችም መምጣት አለባቸው።

የሞንትሪያሉ ተቋም በዚህ በኩል ሥራው አልተፈታም። በኩቤክ የሕዝብ ጤና መድን እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጀመረ ወዲህ የሐኪም ክፍያ በመንግሥት ተሸፈነ። የለጋሾች ገንዘብም መንግሥት ወደማይደርስበት ወደ ምርምር፣ ወደ አዳዲስ ሙከራዎችና ወደ ወጣት ተመራማሪዎች ሊያዘነብል ቻለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታነንባም ቤተሰብ 20 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ለገሰ። በዚያው ዓመት ተቋሙ የምርምር ውጤቶቹን ለማንም ክፍት እንደሚያደርግና በግኝቶቹ ላይ ፓተንት እንደማያወጣ አስታውቆ ነበር። ለንግድ ሰው ይህ ገበያን መተው ሊመስል ይችላል። የተቋሙ ስሌት ግን ሌላ ነው። የአንጎል በሽታ መድኃኒት አንድ ላቦራቶሪ ለብቻው የሚያገኘው ስላልሆነ፣ መረጃን ቆልፎ መያዝ ወጪውን ያበዛል እንጂ አይቀንስም የሚል ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ

ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ሥራ፣ ከ60,820 ሰዎች መካከል 316ቱ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው። ይህም ከ1,000 ሰው 5.2 ማለት ነው። ከነዚህ ውስጥ የታወቀ የበሽታውን መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከ316ቱ አምስት ሰው ያህል። እንዲህ ያለውን በሽተኛ የሚያድነው በአንድ ቀን የሚመረቅ ግንብ ሳይሆን በየወሩ ሳይቋረጥ የሚደርሰው ኪኒን ነው።

ሕጉ በሩን ከፍቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የበጎ አድራጎት ኢንዶውመንትን ከሚቋቋሙ ድርጅቶች ዓይነት አንዱ አድርጎ አስፍሮታል። አዋጅ ቁጥር 979/2008 ደግሞ ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ገንዘብ፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪነት እንዲያዝ ደንግጎ ነበር። ለጋሹ ከመፈረሙ በፊት ከዚያ በኋላ የወጡትን ማሻሻያዎች ከሒሳብ ባለሙያው ጋር መመልከት ይኖርበታል።

ከባዱ ወረቱን የት እናስቀምጠው የሚለው ነው። በ2014 ዓ.ም. ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ፣ የዋጋ ንረቱ ግን ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት 10 ሚሊዮን ብር በዝቅተኛው ወለድ ያስቀመጠ ድርጅት፣ አምስት ሳንቲም ባያወጣ እንኳ በዓመቱ መጨረሻ የሚኖረው 10.7 ሚሊዮን ብር ነው። በዓመቱ መጀመሪያ በ10 ሚሊዮን ብር ይገዛ የነበረውን ለመግዛት ግን ከ13 ሚሊዮን በላይ ያስፈልገዋል። ወረቱ ሳይነካ ቀለጠ ማለት ነው። ስለዚህ በአክሲዮን ድርሻ፣ በመንግሥት ሰነድ ወይም በሚከራይ ሕንፃ መልክ የሚሰጥ ስጦታ መታሰብ አለበት። ጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያም ለዚህ አንድ ተጨማሪ መንገድ ነው።

ለጋሹ ምን ይጠይቅ?

አንደኛ፣ የሁለተኛው ዓመት ሥራ ማስኬጃ ስንት ነው፣ ማንስ ይከፍለዋል? የራስ ምርመራ መሣሪያ ከጥገና ውልና ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር ካልተሰጠ ያለ ሾፌር የተሰጠ መኪና ነው። ሁለተኛ፣ ስጦታው ለተወሰነ ሥራ ነው ወይስ ለማንኛውም? ሲበዛ የተቆለፈ ገንዘብ በሽታው መልኩን ሲለውጥ አይንቀሳቀስም። ሦስተኛ፣ ወረቱን የሚጠብቀው ቦርድ ማን ነው፣ ኦዲተሩስ በየዓመቱ ለማን ያስረክባል? አራተኛ፣ መንግሥትና ሌሎች ለጋሾች ምን ያዋጣሉ? ሞንትሪያልን ያቆመው ሮክፌለር ብቻውን አልነበረም።

ለአራቱም ጥያቄ በቁጥር የሚመልስ ሆስፒታል ለገንዘቡ ተዘጋጅቷል። «ሕንፃው ይጠናቀቅ፣ ሌላው ይደረስበታል» የሚል ከሆነ ግን ለጋሹ ከቼኩ ላይ 19ኙን ለግንቡ ጽፎ፣ 81ዱን መልሱ እስኪመጣ ድረስ ቢያቆየው ይሻለዋል።